የሰው መርዶ

መርዶው የመጣው ማለዳ ነው። አባቴ ከኪዳን ጸሎት ተመልሶ ጋቢውን ገና አላወለቀም፤ እናቴም እሳት አላያያዘችም። የደብራችን አለቃ፣ ሁለት ጎረቤቶችና አንድ የመቶ አለቃ በራችን ላይ መጥተው ቆሙ። የመቶ አለቃው ባርኔጣውን አውልቆ ብብቱ ሥር ይዟል። እናቴ ያየችው ባርኔጣውን ብቻ ነው። ማንም አፉን ሳይከፍት፣ «ልጄን ምን አደረጋችሁት?» አለች።

እኔ ያን ጊዜ ነርስነት እማር ነበር፤ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሰው ሲሞት አይቻለሁ፣ የሟች ዓይን በእጄ ከድኛለሁ። ከቤታችን ሰው እኔ እበረታለሁ ብዬ አስብ ነበር። አልበረታሁም። አለቃው የጀመሩትን ቃል ሳይጨርሱ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ሰዓት ጥርት ብሎ የቀረኝ የመቶ አለቃው ጫማ ነው። ማሰሪያው የአንደኛው እግር ተፈቶ ነበር፤ እየጮህኩም ያን ማሰሪያ አይ ነበር።

ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን መርጌታ ነው፣ ድጓ ያስተምራል፤ ወንድሜም ወንበሩን ይወርሳል ተብሎ ሲጠበቅ አንድ ቀን ከዜማ ቤት ወጥቶ ወታደር ቤት ገባ። አባቴ ስምንት ወር አላናገረውም። ወደ ሰሜን መዛወሩን ሊነግረን የመጣ ዕለት ግን አባቴ ብድግ ብሎ፣ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ጸሎት ደገመለት፤ በዚያው ታረቁ። ወንድሜም በጭነት ማኪና ሊማሊሞን ወርዶ፣ በአዲ አርቃይ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ሄደ።

የሄደበትን ቆላ ስም አልጽፈውም። እኔ ልጅ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ እዚያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ይጋደላል። ጠቡ በግጦሽና በውኃ የተነሣ ነው ይባላል። እየቆየ ሲሄድ ሰው የከብቱን ነገር ረሳና ሃይማኖቱን ብቻ ይዞ ቀረ። አንድ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ይቃጠላል፣ በሚቀጥለው ዓመት መስጊድ። የወንድሜ ክፍል የተላከው በሁለት መንደሮች መካከል ያለች አንዲት የውኃ ጉድጓድ እንዲጠብቅ ነው። ጠዋት የአንዱ መንደር ሴቶች ይቀዳሉ፣ ከሰዓት የሌላው። ወታደሮቹ መካከል ይቆማሉ። ወንድሜ በደብዳቤው፣ «ሥራችን እንስራ መቁጠር ሆኗል» ብሎ ቀልዶብን ነበር። በዚያው ደብዳቤ ላይ፣ በስሙም በአባቱም ስም ከእሱ ጋር አንድ የሆነ የጭልጋ ልጅ እንዳገኘ፣ አለቃቸው ሲጠራ ሁለቱም አብረው «አቤት!» እንደሚሉ፣ ሰዉ ቸግሮት «ጎንደሬው» እና «ጭልጌው» እያለ እንደሚለያቸው ጽፏል። «ወንድም አገኘሁ» ይላል። እኛም ስቀን ደብዳቤውን አጥፈን አስቀመጥነው።

የመቶ አለቃው እንደነገረን ሰባት ወታደሮች ጉድጓዱ ዳር ቆመው ሳለ ከጫካ ተተኩሶባቸው ሞተው እዚያው ተቀብረዋል። ወረቀት አሳየን። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ማዕረጉ፣ ሁሉም ልክ ነው። የወታደሩ መለያ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑን በዚያ ጠዋት ያስተዋለ ሰው የለም።

ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጣለ። እናቴ ፀጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ነጨች፤ እኔ ቁስሏን ስጠርግላት እጄን ገፍታ «ተዪው» ትለኛለች። አባቴ አላለቀሰም። በልጁ የክርስትና ስም ፍትሐት አስፈታ፤ በሰባተኛው ቀን ደግሞ ራሱ መራ። ድምፁ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰበረም። ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

በአምስተኛው ቀን አንድ ወታደር የሟቹን ቦርሳ አምጥቶ ሰጠን። ውስጡ ሸሚዝ፣ ምላጭ፣ ቀበቶና ትንሽዬ መስታወት ነበረበት። እናቴ ሸሚዙን አንሥታ አሸተተችው፤ አንገትጌውን ገልብጣ አየችው።

«ይኼ የልጄ አይደለም» አለች።

«እንዴት አይደለም?» አልኳት።

«የኔ ስፌት አይደለም። ላቡም የልጄ ላብ አይደለም።»

ዙሪያዋን የተቀመጡት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔም የተማርኩት እኔ፣ «እማዬ፣ ወታደር እኮ ልብስ ይዋዋሳል» ብዬ አረጋጋኋት። ሸሚዙን ጓዳ ወስዳ ሚስማር ላይ ሰቀለችውና ዳግመኛ አልነካችውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደረቱን እየደቃ ዳሱ ውስጥ ገባ። እግሩ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል። «ልጄን! ልጄን!» እያለ መሬት ላይ ተዘረጋ። እኛ በአባቴ በኩል ያለ ዘመድ መሰለን። አባቴ ጎንበስ ብሎ አነሣው።

«አያ፣ ከወዴት መጡ?»

«ከጭልጋ ነኝ። አይከል ገበያ የልጄን ስም ሲጠሩ ሰማሁ። ሞቶ ጎንደር ለቅሶ ተቀምጠውለታል አሉኝ። ምነው? ያለ እኔ ማነው ለልጄ የሚያለቅስለት? ብዬ ስሮጥ መጣሁ።»

አባቴ ወዲያው ገባው። አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ ስሙ አንድ ስለሆነ ነው እንጂ የሞተው የእኔ ልጅ ነው፣ የእርስዎ ልጅ ጭልጌው ነው፣ ደኅና ነው ብሎ አስረዳው። የወንድሜንም ደብዳቤ አምጥቶ አነበበለት። ሽማግሌው ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ ተሸፈነ። ከዚያ እንደገና ማልቀስ ጀመረ፤ ግን ድምፁ ሌላ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው። ሦስት ቀን ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ለለቅሶ ለሚመጣው ሰው ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ እህል ግን አልቀመሰልንም። የአገው ወገን ነው፤ አማርኛውን ቀስ ብሎ እየመረጠ ነው የሚናገረው። ሲሄድ የእናቴን እጅ ስሞ ሄደ። በሳምንቱም ለተዝካር የሚሆን አንድ ስልቻ ሽምብራ በነጋዴ ላከልን።

ሠላሳ ሦስተኛው ቀን ላይ ከሐኪም ቤት ቀደም ብዬ ተመልሼ ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣ ነበር። እናቴ ደጃፉ ላይ ምስር ትለቅማለች። አባቴ ዛፉ ሥር ተማሪዎቹን ያስዜማል። የግቢው በር ተከፈተና ወንድሜ ገባ።

ከስቷል፤ ዓይኑ ቢጫ ነው። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል። እንደ ወትሮው፣ «እንዴት ዋላችሁ?» አለ።

ዜማው ቆመ። ከተማሪዎቹ አንዱ መቋሚያውን ጥሎ ሲሮጥ የኋለኛው አጥር ሲሰበር ሰማሁ። እኔ እጄ ላይ ያለው እርጥብ ልብስ እግሬ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል፤ መንቀሳቀስ ግን አልቻልኩም። እናቴ ቀና ብላ አየችው።

«ማን ልኮህ መጣህ?» አለችው።

«ኧረ እማዬ፣ እኔ ነኝ!»

«ማን ልኮህ ነው የመጣህ እኮ?»

ቀረበ። ፀጉሯን አየ፤ ፊቷ ላይ ያለውን ጠባሳ አየ። ቦርሳውን ጣለው። «ማን ሞተብን?» አለ። ዓይኑ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ዛፉ ሄደ፤ አባቴን አየው፣ ሁላችንንም ቆጠረን። «ሁላችሁም አላችሁ! ማነው የሞተው?»

«አንተ» አልኩት።

ያኔ እናቴ ተነሥታ በጥፊ መታችው። በኃይል ነው የመታችው። ከዚያ የእጁን አንጓ ያዘች፤ እስኪመሽ አልለቀቀችውም። ጎረቤት እልል ብሎ ግቢውን ሞላው፣ ያቅፈዋል፣ ይስመዋል፤ እሷ አንጓውን እንደያዘች ናት። እንባ የሚባል ከዓይኗ አልወጣም።

ሰዉ ጋብ ሲል ወንድሜ ነገሩን ነገረን። ወባ ጥሎት ሩቅ ከተማ ወዳለ ሐኪም ቤት ወስደውት ነበር። በታመመበት ቀን ጉድጓዱ ዳር የመቆም ተራው የእሱ ነበር፤ ጭልጌው፣ «አንተ ተኛ፣ እኔ እቆምልሃለሁ» ብሎ ሄደ። እሱን ማኪና ላይ ሲጭኑት ነው ተኩሱን የሰማው። ሲሻለው ጻፈልን፤ ደብዳቤው አልደረሰንም፣ የት እንደቀረም እስከ ዛሬ አላወቅንም።

«የጭልጌውን አባት መርዶ ነግረዋቸው ይሆን?» አለ ወንድሜ። «ሽማግሌ ናቸው። ሌላ ልጅ የላቸውም።»

አባቴና እኔ ተያየን።

«እዚህ ነበሩ» አለ አባቴ። «ሦስት ቀን እዚህ ተቀምጠው አለቀሱልን። ልጅዎ ደኅና ነው ብዬ የላክኋቸው እኔ ነኝ።»

ወንድሜ ራሱን ይዞ ጎንበስ አለ። አባቴ ደግሞ ሌላ ነገር ተናገረ፤ እኔ ፈጽሞ ያላሰብኩት ነገር ነው። «ሠላሳ ሦስት ቀን የጸለይኩት በዚህ በቆመው ልጅ የክርስትና ስም ነው። በምድር ስማቸው አንድ ቢሆኑም በክርስትና ስማቸው አንድ አይደሉም። ያ ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጸለየለትም።» ድምፁ የተሰበረው ያኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሦስታችን በጭነት ማኪና ወደ አይከል ወጣን። ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ሸሚዝና ሌላውን ዕቃ እናቴ በቦርሳው መልሳ ከትታ ለእኔ አስያዘችኝ። ከአይከል በእግራችን ስንሄድ አባቴ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት የሚደግም መስሎኝ ቀረብ ብዬ ሰማሁት። «አያ፣ እንዲህ ሆነ... አያ፣ እግዚአብሔር...» እያለ የሚናገረውን ይለማመድ ነበር።

ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ አገሩ ሁሉ አውድማ ላይ ነው። ሽማግሌውን ያገኘናቸው ጤፍ ሲያበራዩ ነው። አራት በሬዎች እየዞሩ ነዶውን ይረግጣሉ፤ እሳቸው ገለባውን በመንሽ ይገለብጣሉ። አባቴን ገና ከሩቅ ዐወቁት።

«መርጌታ! ምነው በዚህ ፀሐይ? ምነው ደኅና?» ብለው መንሹን ጥለው መጡ። አባቴን ሳሙት፣ እኔን ሳሙኝ። ወንድሜን አያውቁትም። «ይኼስ ሸጋ ማነው?»

አባቴ አፉን ከፈተ፤ መንገድ ሙሉ የተለማመደው ቃል ጠፋበት። ወንድሜ ራሱ ስሙን ከነአባቱ ተናገረ። «ጎንደሬው ነኝ» አለ።

ሽማግሌው ቆም ብለው አዩት። ከዚያ ፊታቸው በራ። ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ፣ «አልሞትክም እንዴ! የመርጌታ ልጅ አልሞተም! ኑ ሰዎች፣ ኑ እዩ!» እያሉ እዚያው አውድማው ላይ ይዘሉ ጀመር። ወንድሜን አቅፈው ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ትከሻውን ሳሙት። በሌሎቹ አውድማዎች ያሉ ገበሬዎች ቀና ቀና አሉ፤ አንዲት ሴት እልል አለች። እኔ ቦርሳውን ከኋላዬ ደብቄ ቆሜያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የረዘመ ነገር አላየሁም። ሽማግሌው ሲዘሉ፣ እኛ ሦስታችን ድንጋይ ሆነን ስናያቸው።

ቀስ በቀስ ዝላዩ ቀነሰ። የአባቴን ፊት አዩ። የወንድሜ ትከሻ ላይ ያለው እጃቸው እዚያው ቀረ።

«ታዲያ» አሉ፣ «ታዲያ... የሞተው ማነው?»

በሬዎቹ የሚነዳቸው ሰው ሳይኖር ዙራቸውን ይዞራሉ። ሽማግሌው እንደ መቀመጥ ብለው ነዶው ላይ ወደቁ። አልጮሁም። እኔ ተንበርክኬ የልብ ምታቸውን በእጃቸው ላይ ቆጠርኩ፤ የተማርኩት ይኼ ብቻ ነበር።

ወንድሜ አልሸሸገም። ተራው የእሱ እንደነበር፣ ልጃቸው ለእሱ ብሎ እንደቆመ ነገራቸው፤ እግራቸው ሥርም ተደፋ። ሽማግሌው አዩት እንጂ አልተቆጡትም። «የገደለው የቱ ነው? ክርስቲያኑ ነው፣ እስላሙ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አይታወቅም፣ አባቴ» አለ ወንድሜ። «ሁለቱም መንደር እኛ አይደለንም ብሏል። ከሞቱት ከሰባቱ አምስቱ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊም ነበሩ። አብረው ነው የወደቁት።»

«ልጄ ለማን ወግኖ ነበር?»

«ለማንም። መካከል ነው የቆመው።»

«መካከል» አሉ ሽማግሌው። ቃሉን እንግዳ ነገር እንደቀመሰ ሰው ደጋገሙት። በእኛ አገር ሰው ሲገደል ገዳዩ ይታወቃል፤ ወይ ደም ይመለሳል፣ ወይ ሽማግሌ ገብቶ ይታረቃል። እሳቸው የሚጣሉትም የሚታረቁትም ሰው አጡ። ያን ሲረዱ ነው ጩኸታቸው የወጣ። ጎረቤቱ አውድማውን ጥሎ ተሰበሰበ። ቅድም እልል ያለችው ሴት አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች።

በዚያ ቤት አምስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ቦርሳውን የሰጠኋቸው በሁለተኛው ቀን ነው። አንገትጌውን የሰፉት እሳቸው ራሳቸው ኖረዋል፤ ሚስታቸው ከሞተች ጀምሮ ስፌት ለምደዋል።

አባቴ አምስተኛው ቀን ላይ የመጣበትን ጠየቀ። «አያ፣ የክርስትና ስሙን ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው አላወቁትም። ልጁ የተጠመቀው በሕፃንነቱ፣ አንድ ካህን በአንድ ቀን የመንደሩን ሕፃናት ሁሉ ባጠመቀ ጊዜ ነው። ስሙን የያዘችው እናቱ ነበረች፤ እናቱም የለችም፣ ካህኑም የሉም። «እናቱ በአገውኛ የምትጠራበት አንድ ስም ነበረው፤ ቤት ውስጥ በዚያ ነበር የምንጠራው። ሌላ አላውቅም፣ መርጌታ» አሉ፤ ሥራቸውን እንዳልሠራ ሰው አፍረው አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ስሙን እንዲነግሩት ለመነ። ነገሩት። ሦስት ጊዜ ከአፋቸው እየተቀበለ አጠናው።

ጎንደር ተመልሰን ፍትሐቱ በተፈታ ዕለት ያ ስም በግእዙ መካከል ገባ። ከካህናቱ ሁለቱ ቀና ብለው ተያዩ። በኋላም አንደኛው፣ «መርጌታ፣ ይኼ ስም በየትኛው መጽሐፍ አለ?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ፣ «እናቱ ስትጠራው አቤት ይል ነበር» ብሎ መለሰለት። ሥርዓት የሚያጓድል ሰው አልነበረም፤ እኔ ሌላ ጊዜ ሲያጓድል አላየሁትም።

ለጥምቀት ሽማግሌውን ወደ ቤታችን አመጣናቸው። እናቴ እግራቸውን አጠበች፤ ቀና ብላ ግን አታያቸውም። በኋላ ከእኔ በቀር ሰው በሌለበት፣ «እትዬ» አሏት፣ «አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ጊዜ ዳስሽ ውስጥ የሞተው ያንቺ ልጅ ነው ሲሉኝ፣ ውስጤ ደስ አለው። ጋቢዬን የተሸፋፈንኩ ለዚያ ነው። ሦስት ቀን እህል ያልቀመስኩትም ለዚያ ነው።»

እናቴ ያኔ አየቻቸው። «እኔም ልጄ በበሩ ሲገባ ሌላ ወላጅ አለ ብዬ አላሰብኩም» አለች። ልጇ ሲመለስ ያላለቀሰችው እናቴ ያን ዕለት ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ወንድሜ ፈቃዱ ሲያልቅ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እዚያ በመዝገብ ላይ ገና ሙት ነበር፤ ሕያው መሆኑ ተጣርቶ እስኪጻፍለት ብዙ ወራት ፈጀ። ያን ጉድጓድ አንድ ዓመት ተጨማሪ ጠበቀ፤ ሲጨርስ ሌሎች ተተኩ፣ ከእነዚያም መካከል የሞቱ ነበሩ። ጠቡ እኔ ነርስ ሆኜ፣ አግብቼ፣ ወልጄም አልቆመም። ወንድሜ ፈቃድ በወጣ ቁጥር እኩሌታውን ጭልጋ ይውላል፤ ያርሳል፣ ያበራያል። ሽማግሌው «ልጄ» ይሉታል እንጂ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ሲሞቱም ራሱን ተላጭቶ የቀበራቸው እሱ ነው።

አሁን አርጅቼ ቁጭ ብዬ ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ሌላ ነው። ከሰባቱ እኔ የማውቀው የአንዱን ነገር ብቻ ነው። የስድስቱን ስም ወንድሜ ነግሮኝ ነበር፤ አገራቸውንም ነግሮኝ ነበር፤ አንዱ የኮላ ድባ ልጅ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ከሁለቱ ሙስሊሞች አንዱ ገና ሙሽራ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ሌላው ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ወንድሜም ዛሬ የለም፣ የምጠይቀው ሰው የለኝም።